ዲኤችቲ ባዶ ከወጣ «ሥራው የኢስትሮጅን ነው» ማለት ይበቃል? (አሮማቴዝና የአራስ አይጥ አእምሮ)

ጣና_ባዮ

ሰላም ለሁላችሁ። በአይጥ አእምሮ የፆታ ልዩነት ላይ የማስተርስ ፕሮፖዛል እያዘጋጀሁ ነው። የማነጻጽረው ቴስቶስቴሮንን የሚቀይሩትን ሁለት ኢንዛይሞች ነው፦ ወደ ኢስትራዲዮል የሚወስደውን አሮማቴዝንና ወደ ዳይሃይድሮቴስቶስቴሮን (ዲኤችቲ) የሚወስደውን 5-አልፋ ሪዳክቴዝን። ሴት አራሶችን በአምስት ቡድን ከፍዬ በተወለዱበት ቀንና በማግስቱ እወጋለሁ፤ አንዱ ቡድን ዘይት ብቻ፣ ሌሎቹ ቴስቶስቴሮን ፕሮፒዮኔት፣ ኢስትራዲዮል ቤንዞኤት፣ ዲኤችቲ፣ የመጨረሻው ቴስቶስቴሮን ከአሮማቴዝ ማገጃው ከሌትሮዞል ጋር። ሆርሞኑ ለሁሉም 100 ማይክሮግራም። ወንዶቹ ዘይት ብቻ ይወጋሉ። ሲያድጉ ሎርዶሲስን (ሴቷ ወንድ ሲሰርራት ጀርባዋን ማጎበጧን) እፈትናለሁ፤ ከዚያ በፕሪኦፕቲክ ክፍል (በሃይፖታላመስ የፊት ጫፍ) ያለውን ኤስዲኤን የሚባለውን የነርቭ ሕዋሳት ክምችት በኒስል ቀለም እለካለሁ።

ግራ የገባኝ ሦስት ነገር ነው። የወንዱን አእምሮ ወንዳዊ የሚያደርገው ኢስትራዲዮል ከሆነ ሴቷ ጽንስ የእናቷ ኢስትሮጅን እያለባት እንዴት ትተርፋለች? ሁለተኛ፣ ዲኤችቲ ወደ ኢስትሮጅን ስለማይቀየር፣ የዲኤችቲው ቡድን ምንም ለውጥ ካላሳየ «ሥራው የኢስትሮጅን ነው» ብዬ ብደመድም ያስኬዳል? ሦስተኛ፣ የአሮማቴዝን ሥራ ለመለካት ትሪቲየም (ጨረር የሚያወጣ ሃይድሮጅን) ያለበት ስቴሮይድ ማግኘት ቀላል አይደለም። ኢስትራዲዮልን በኤላይዛ (በአንቲቦዲ በሚለካ ዘዴ) ወይም የኢንዛይሙን ኤምአርኤንኤ ብቻ ብለካስ?

ማይክሮሶም

ጣና፣ አይጥ ስል ራት ማለቴ ነው፤ ማውስን በስሟ እጠራታለሁ። ሁለቱን የሚቀላቅል ጽሑፍ ብዙ ነውና።

የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ አልፋ-ፌቶፕሮቲን ነው። በጽንሱ ጉበትና በአስኳል ከረጢቱ ይሠራል፣ በጽንስና በአራስ አይጥ ደም ውስጥ ሞልቷል። ኢስትራዲዮልን አጥብቆ ይይዛል፤ ቴስቶስቴሮንን አይነካም። የእናቲቱ ኢስትሮጅን ደም ውስጥ ታስሮ ይቀራል። የወንዱ ቴስቶስቴሮን ግን እንደ ልቡ ወደ አእምሮ ገብቶ እዚያው የነርቭ ሕዋሱ ውስጥ ኢስትራዲዮል ይሆናል፤ በዚያ ቦታ የሚይዘው ፕሮቲን የለም። በ2006 በማውስ ላይ የወጣው ሥራ ይህን በደንብ ያሳያል፦ የአልፋ-ፌቶፕሮቲን ጂናቸው የተሰናከለባቸው ሴቶች ሲያድጉ ሎርዶሲስ አያሳዩም፤ ገና በማህፀን ሳሉ የአሮማቴዝ ማገጃ ከተሰጣቸው ግን ጠባያቸው ይመለሳል። ጥፋቱ የፕሮቲኑ መጉደል ራሱ ሳይሆን ኢስትሮጅኑ ያለ ከልካይ መግባቱ ነበር ማለት ነው።

ከዚህ ለእርስዎ ንድፍ የሚወጣ ነገር አለ። «ለሁሉም 100 ማይክሮግራም» ሲባል እኩል ይመስላል እንጂ እኩል አይደለም። ከሚወጉት ኢስትራዲዮል አብዛኛውን አልፋ-ፌቶፕሮቲን ይይዘዋል፤ ያን ያህል ማይክሮግራም የሚሰጠውም ይህን ማሰሪያ ሞልቶ ለማለፍ ነው። ከቴስቶስቴሮኑ ደግሞ አሮማቴዝ ጋ ደርሶ የሚቀየረው ትንሽ ክፍል ብቻ ነው። ስለዚህ «ኢስትራዲዮል ከቴስቶስቴሮን ይበረታል» የሚል ዓረፍተ ነገር በውጤት ምዕራፍዎ እንዳይገባ። ሰው ሠራሽ ኢስትሮጅን የሆነው ዳይኤቲልስቲልቤስትሮል በአልፋ-ፌቶፕሮቲን ስለማይያዝ በጣም ባነሰ መጠን ይሠራል፤ አንድ ትንሽ ቡድን ማከል ከቻሉ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው።

አሁን ወደ ዲኤችቲ። በአጭሩ፣ ብቻውን አይበቃም። አሮማቴዝ የቴስቶስቴሮንን 19ኛ ካርቦን በሦስት ተከታታይ ኦክሲዴሽን ያወጣዋል፤ በእያንዳንዱ እርምጃ አንድ ኦክስጅንና አንድ ኤንኤዲፒኤች ይበላል፣ ካርቦኑ ፎርሚክ አሲድ ሆኖ ይወጣል፣ የመጀመሪያው ቀለበትም አሮማቲክ ይሆናል። 5-አልፋ ሪዳክቴዝ ደግሞ በ4ኛውና በ5ኛው ካርቦን መካከል ያለውን ድርብ ትስስር ይዘጋል። ያ ከተዘጋ በኋላ አሮማቴዝ የሚይዝበት ነገር የለም። እስከዚህ ግምትዎ ልክ ነው። ችግሩ ዲኤችቲ በአእምሮ ውስጥ ዲኤችቲ ሆኖ ብዙ አይቆይም። ወደ 3-አልፋ-ዳዮልና ወደ 3-ቤታ-ዳዮል ይቀየራል፤ 3-ቤታ-ዳዮል ደግሞ የኢስትሮጅን ሪሴፕተር ቤታን ይይዛል። ዲኤችቲ ሰጥተው ለውጥ ቢያዩ «የአንድሮጅን (የነቴስቶስቴሮንና ዲኤችቲ) ሪሴፕተር ነው» ማለት አይችሉም፤ ለዚህ ያንን ሪሴፕተር የሚያግደው ፍሉታማይድ ያለበት ቡድን ያስፈልጋል።

ለውጥ ካላዩስ? ያኔ ዲኤችቲው በቂ ሆኖ መድረሱን ማሳየት አለብዎ። አንደኛ፣ ቴስቶስቴሮኑ ፕሮፒዮኔት ሆኖ ዲኤችቲው ያለ ኤስተር ከተወጋ ንጽጽሩ ገና ሲነሳ ተበላሽቷል። ኤስተሩ ከዘይቱ ቀስ እያለ ስለሚለቅ ቀናት ይቆያል፤ ነጻው ስቴሮይድ ቶሎ ይጠፋል። ዲኤችቲ ፕሮፒዮኔት ይዘዙ። ሁለተኛ፣ ከአእምሮ ውጭ አንድ የአንድሮጅን ምልክት ይለኩ። የሌቫተር አኒ ጡንቻ ለዚህ ይመቻል፤ በሴት አይጥ እየመነመነ ይጠፋል፣ በመወለጃው አካባቢ አንድሮጅን ካገኘ ግን ይተርፋል። በዲኤችቲው ቡድን ጡንቻው ከዘይቱ ቡድን ካልተለየ የአእምሮው «ባዶ» ውጤት ምንም አይናገርም።

የቴስቶስቴሮንና የሌትሮዞል ቡድንዎ ደግሞ ጓደኛ ይጎድለዋል፦ ቴስቶስቴሮን፣ ሌትሮዞልና ኢስትራዲዮል በአንድ ላይ። ይህ ከሌለ ሌትሮዞሉ ለውጡን ያስቀረው አሮማቴዝን ስላገደ ይሁን እንስሳቱን ስላሳመመ መለየት አይቻልም። ፈታኝ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህን ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። «ወንዳዊ መሆን» አንድ ሂደት አይደለም። የወንድ ጠባይ መጨመር (መስረር) አንድ፣ የሴት ጠባይና ተግባር መጥፋት (ሎርዶሲስ፣ እንቁላል የሚያስለቅቀው የኤልኤች ሆርሞን ማዕበል) ሌላ ነው። በማውስ የመጀመሪያው በዋናነት ከኢስትሮጅን ሪሴፕተር አልፋ፣ ሁለተኛው ከቤታ ጋር ተያይዟል። የአንድሮጅን ሪሴፕተራቸው የማይሠራ ወንድ አይጦች ኤስዲኤናቸው የወንድ መጠን አለው፤ የአሚግዳላቸው የኋላ ክፍል ግን በወንድና በሴት መካከል ይቀራል። በአንድ እንስሳ አእምሮ ውስጥ እንኳ ሁለቱ ኢንዛይሞች ክልል ተከፋፍለዋል።

የእንስሳት_ቤት

ማይክሮሶም ኬሚስትሪውን ጨርሶታል፤ እኔ ወደ መርፌው ልሂድ፣ ጥናቱ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚያ ነውና።

ወንድሜ ጣና፣ «የተወለዱበት ቀን» የሚል ጽሑፍ አይበቃም፤ በሰዓት ጻፍ። የወንድ አይጥ ቴስቶስቴሮን ሁለት ጊዜ ይወጣል፦ በ18ኛውና በ19ኛው የእርግዝና ቀን አካባቢ፣ ከዚያም በተወለደ በሁለት ሰዓት ገደማ። ጠዋት የተወለደን ወንድ ማታ ማገጃ ብትወጋው ማዕበሉ አልፎታል። የማህፀኑንማ ከተወለደ በኋላ በምንም አትመልሰውም። አንተ ሴቶችን ስለምትወጋ ዕድለኛ ነህ፤ ሆርሞኑን የምትሰጠው አንተ ነህ። ማገጃው ግን ከቴስቶስቴሮኑ በፊት መግባት አለበት፤ ቴስቶስቴሮኑ ከዘይቱ ለቀናት ስለሚለቅም በየቀኑ መደገም አለበት። መጠኑን ከሌላ ጽሑፍ ብቻ አትቅዳ። ሁለት ሦስት መጠን ሞክር፣ በማግስቱ ሃይፖታላመሱን አውጥተህ የአሮማቴዙ ሥራ መውረዱን አረጋግጥ።

ለእርጉዟ እናት ማገጃ መስጠት ያጓጓል፣ ግን ተጠንቀቅ። የአይጥ የእንግዴ ልጅ አሮማቴዝ የለውም፤ አንድሮጅን ሠርቶ ወደ እንቁልጢ ይልካል፣ ኢስትሮጅኑ የሚመጣው ከእንቁልጢ ነው። ሌትሮዞል ስትሰጣት እርግዝናዋን ታናጋለህ፣ ጽንስ ይሞታል። በድሮ ሥራዎች የምታገኘው ኤቲዲ የሚባለው ማገጃ ደግሞ ስቴሮይድ ነው፤ የአንድሮጅን ሪሴፕተርንም ይይዛል፣ ስለዚህ ውጤቱን ስታነብ ይህን አትርሳ።

ስለ ዘይቱ፦ የሰሊጥ ዘይት ነው፣ ግን የወጥ ቤቱ አይደለም። ለመርፌ የተዘጋጀ፣ ያልተቆላ፣ ያልሻገተ ይሁን። ስቴሮይዱን መዝነህ በትንሽ ኤታኖል አሟሟው፣ ዘይቱን ጨምር፣ ለብ አድርገህ እያማሰልክ ኤታኖሉ ሌሊቱን ይትነን። በማግስቱ በብርሃን እየው፤ ክሪስታል ካየህ መጠንህ የውሸት ነው። የቀን 0 ግልገል 6 ግራም ገደማ ትመዝናለች፤ ከ50 እስከ 100 ማይክሮሊትር ይበቃታል። ቀጭን መርፌ በትከሻዎቿ መካከል ከቆዳ ሥር አስገብተህ ትንሽ ወደ ፊት አሳልፈው፣ ጨምቀህ ጥቂት ቆይ፣ ስታወጣ ቀዳዳውን በጣትህ ያዝ። የሚፈስ ዘይት የእሷን መጠን ማጉደሉ ብቻ አይደለም፤ እናቲቱ ትልሰዋለች፣ ወደ ወንድም እህቶቿም ያዳርሳል። ለዚህ ሲባል አንዳንዶች በአንድ ጎጆ ያሉትን ሁሉ አንድ ዓይነት ሕክምና ይሰጣሉ። እንዲያ ከሆነ ግን የስታቲስቲክስ መለኪያህ ግልገሏ መሆኗ ይቀርና ጎጆው ይሆናል፤ አሥር ግልገል ከአንድ እናት ማለት አንድ ቁጥር ነው። በአንድ ጎጆ ውስጥ ሕክምናውን ብትከፋፍል ደግሞ የመበከል ስጋት አለ፣ የጎጆ ልዩነት ግን ትቆጣጠራለህ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፣ መርፌውን በደንብ እስከያዝክ ድረስ፤ ጎጆውንም በሞዴሉ ውስጥ ማስገባት አይቀርም።

ፆታ መለየት ከመርፌው በፊት። በፊንጢጣና በብልት መካከል ያለው ርቀት በወንዱ የሴቷ እጥፍ ገደማ ነው። ቴስቶስቴሮን ከወሰዱ በኋላ ግን ርቀቱም ይለወጣል፣ ትሳሳታለህ። በእግር መዳፍ ላይ በቀለም ምልክት አድርግ።

የሚረሳው የእናት መላስ ነው። እናት አይጥ ወንድ ልጆቿን የብልት አካባቢ ከሴቶቹ አብልጣ ትልሳለች፤ ቴስቶስቴሮን የተወጋች ሴትም እንደ ወንዶቹ ትላሳለች። መላሱ ራሱ በኋላ ጠባይ ላይ ለውጥ ያመጣል። አታስወግደውም፣ ግን በውይይት ምዕራፍህ ጥቀሰው። መኖውም አኩሪ አተር ካለበት ጄኒስታይን አለበት፣ እሱም የኢስትሮጅን ሪሴፕተርን ይይዛል። ንጣፉ የበቆሎ ቆረቆንዳ ከሆነ ቀይረው፣ በእንስሳቱ ሆርሞን ሥራ ውስጥ የሚገባ ነገር አለበት።

የከብት_ሐኪም

ከወንድ ጋር መንታ የምትወለድ ጊደር መካን የምትሆነው በዚሁ መንገድ ነው? ገበሬው ያውቃታል፣ እያደለበ ይሸጣታል እንጂ ለዘር አያቆያትም።

ማይክሮሶም

ዶክተር፣ ያኛው ሌላ ነው። የሁለቱ መንትዮች የእንግዴ ልጅ የደም ሥሮች ገና በእርግዝናው መጀመሪያ ይገናኛሉ፤ ከወንዱ የሚመጣው ፀረ-ሙለሪያን ሆርሞንና የራሱ ሕዋሳት ወደ ሴቷ ያልፋሉ፣ እንቁልጢዋና ማህፀኗ በትክክል አይፈጠሩም። ከወንድ ጋር ከሚወለዱት ጊደሮች ከ90 በመቶ በላይ እንዲህ ይሆናሉ። ጉዳቱ በመጀመሪያ የመራቢያ አካል ላይ ነው፣ የአሮማቴዝ ጉዳይ አይደለም።

ለአይጥ የሚቀርበው የማህፀን ውስጥ አቀማመጥ ነው። በሁለት ወንድሞች መካከል ያደገች ሴት ጽንስ በሁለት እህቶች መካከል ካደገችው ትንሽ በለጥ ያለ አንድሮጅን ታገኛለች፣ ስትወለድም ከፊንጢጣ እስከ ብልት ያለው ርቀቷ ይረዝማል። ጣና፣ ሴቶችዎን በዕጣ ሳይደለድሉ «ተለቅ ያሉትን ለዚህ ቡድን» ካሉ ይህም አብሮ ይገባል።

የውስጥ_ደዌ

የፕሮፖዛሉን መግቢያ ሳላየው አንድ ነገር ልበል፦ «በሰውም እንዲሁ ነው» የሚል መስመር ካለ ይውጣ። የሰው አልፋ-ፌቶፕሮቲን ኢስትራዲዮልን እዚህ ግባ በሚባል ደረጃ አይይዝም። የአንድሮጅን ሪሴፕተራቸው ጨርሶ የማይሠራ 46 ኤክስዋይ ሰዎች ቴስቶስቴሮናቸው በቂ ነው፣ አሮማቴዛቸውም የኢስትሮጅን ሪሴፕተራቸውም ጤነኛ ነው፤ በአይጡ ሕግ ቢሆን አእምሯቸው ወንዳዊ በሆነ ነበር። ብዙዎቹ ግን ሴት ሆነው ያድጋሉ፣ ራሳቸውንም እንደ ሴት ያያሉ። በተቃራኒው አሮማቴዝ የሌላቸው ወንዶችና በ1994 የተዘገበው የኢስትሮጅን ሪሴፕተር አልፋ የሌለው ሰው የወንድ ማንነት ነበራቸው፤ ችግራቸው አጥንት ነው፣ የእድገት ጫፎቹ ሳይዘጉ ይቀራሉ። በሰውና በሪሰስ ጦጣ ክብደቱ ወደ አንድሮጅን ሪሴፕተር ያደላል።

5-አልፋ ሪዳክቴዝ ዓይነት 2 የጎደላቸው የዶሚኒካን ሪፐብሊክ ቤተሰቦች በ1974 ከተዘገቡ ጀምሮ ብዙ ጊዜ ይጠቀሳሉ። የውጭ ብልታቸው ሲወለዱ የሴት የሚመስለው ዲኤችቲ ስለሚጎድል ነው፤ ብዙዎቹ በጉርምስና የወንድ ኑሮ ይይዛሉ። ይህ ግን ሴት ሆነው ካደጉ በኋላ ስለሆነ የሆርሞኑንና የአካባቢውን ድርሻ ነጥሎ አያሳይም። እንደ ንጹህ ማስረጃ አትጥቀሱት።

በሰው ግልጽ የሆነው የአሮማቴዝ ሥራ የእንግዴ ልጅ ላይ ነው። ከአይጥ በተለየ የሰው የእንግዴ ልጅ አሮማቴዝ ሞልቶታል፣ ከጽንሱ አድሬናል የሚመጣውን አንድሮጅን እየቀየረ ይጨርሰዋል። ኢንዛይሙ ሲጎድል በእርግዝና ጊዜ እናቲቱ ጸጉር ታበቅላለች፣ ድምጿ ይጎረንናል፤ ሴቷ ሕፃንም የውጭ ብልቷ ወደ ወንድ ያደላ ሆኖ ትወለዳለች።

ጣና_ባዮ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዲኤችቲ ፕሮፒዮኔትና የማዳኛው ቡድን (ቴስቶስቴሮን፣ ሌትሮዞልና ኢስትራዲዮል በአንድ ላይ) ገብተዋል። ለ5-አልፋ ሪዳክቴዝ ማገጃውን ፊናስቴራይድን ልጨምር አሰብኩ። ልኬቱን በተመለከተ ትሪቲየም ባለው አንድሮስቴንዳዮን የሚሠራ ላብ በትብብር ሊገኝ ይችላል። ናሙናውን እንዴት ላዘጋጅ? ኤላይዛውንስ ጨርሶ ልተወው?

ማይክሮሶም

ኤላይዛውን ይተዉት። የአራስ አይጥ ፕሪኦፕቲክ ክፍል ሚሊግራሞች ነው፣ በውስጡ ያለው ኢስትራዲዮል በፒኮግራም ይቆጠራል፤ የአእምሮው ቅባትና የሌሎች ስቴሮይዶች መመሳሰል ቁጥሩን ያዛባዋል። ከዚያም በላይ ኢስትራዲዮል ቤንዞኤት በተወጋችው ግልገል የሚለኩት እርስዎ የወጉትን ነው እንጂ አእምሮዋ የሠራውን አይደለም። መጠኑን ራሱን ማወቅ ከፈለጉ መንገዱ ስቴሮይዱን አጥርቶ በማስ ስፔክትሮሜትሪ መለካት ነው።

ኤምአርኤንኤው ጠቃሚ ነው፣ ግን ሥራን አይናገርም። የአሮማቴዝ ጂን በአእምሮ የሚነሳው ከራሱ የመጀመሪያ ኤክሰን ነው፣ 1ኤፍ ይባላል፤ ፕሮቲኑ ግን በሁሉም አካል አንድ ነው። ፕራይመሩ በፕሮቲን ኮዱ ላይ ካረፈ ሁሉንም ይለካል፣ በ1ኤፍ ላይ ካረፈ የአእምሮውን ብቻ። ኢንዛይሙ ደግሞ በፎስፎሪሌሽን በደቂቃዎች ውስጥ ሊዳከም ይችላል፤ ይህን ኤምአርኤንኤ አያየውም። አንቲቦዲ ከገዙ የአሮማቴዝ ጂን በሌላት ማውስ አእምሮ ላይ ካልተፈተነ ቀለም አየሁ ብለው አይመኑት። በዚህ ኢንዛይም ላይ የሚያሳስቱ አንቲቦዲዎች ብዙ ናቸው።

የትሪቲየሙ ዘዴ መሠረት እንዲህ ነው። በ1-ቤታ ቦታ ትሪቲየም ያለበት አንድሮስቴንዳዮን ሲቀየር ያ ትሪቲየም ወደ ውሃ ይወጣል፤ ውሃውን ለይቶ መቁጠር ነው። አእምሮውን በፍጥነት ያውጡ፣ በቀዝቃዛ ሳህን ላይ ፕሪኦፕቲኩን ከስትሪያ ተርሚናሊስ እምብርት ጋር፣ መካከለኛ አሚግዳላን ለብቻ፣ ጥቂት ኮርቴክስ ደግሞ እንደ ዝቅተኛ ማነጻጸሪያ ይቁረጡ፤ በደረቅ በረዶ፣ ከዚያ በ80 ዲግሪ ከዜሮ በታች። ማዘግየት ፎስፎሪሌሽኑን ያንቀሳቅሳል። በፒኤች 7.4 ፎስፌት ባፈር ውስጥ ይፈጩት፤ ኢዲቲኤና ዲቲቲ ይኑርበት። ኤንኤዲፒኤች ብቻውን ስለሚያልቅ ማመንጫ ሥርዓት ይጨመራል፣ ግሉኮስ-6-ፎስፌትና ኢንዛይሙ። የአንድሮስቴንዳዮኑ ክምችት ኢንዛይሙን የሚያጠግብ ይሁን፣ 300 ናኖሞላር የተለመደ ነው። በ37 ዲግሪ አንድ ሰዓት፣ ከዚያ በትራይክሎሮአሴቲክ አሲድና በከሰል ማቆም፤ ከሰሉ ያልተቀየረውን ስቴሮይድ ይይዛል፣ ውሃው ላይ ይቀራል። ውጤቱ በፌምቶሞል በሰዓት በሚሊግራም ፕሮቲን ይጻፋል።

የሚበላሸው ባዶው (አሮማቴዝ ሳይሠራ የሚቆጠረው መነሻ ቁጥር) ነው። ስቴሮይዱ በመደርደሪያ ሲቆይ ትሪቲየሙን ቀስ በቀስ ለውሃ ይሰጣል፤ ቲሹ የሌለበት ቱቦ ሳይቀር ብዙ ይቆጥራል። ከመጀመርዎ በፊት የሚፈልጉትን ያህል በናይትሮጅን ያድርቁት፣ ትሪቲየም ያለው ውሃ አብሮ ይተናል። ሁለት ዓይነት ባዶ ይያዙ፦ ቲሹ የሌለው፣ እና ቲሹ ያለው ግን ማገጃ የተጨመረበት። የሚቀነሰው ሁለተኛው ነው። ከዚያ በፊት ግን ሥራው ከጊዜና ከፕሮቲን መጠን ጋር ቀጥ ብሎ መጨመሩን በአንድ ቀን ይፈትኑ፤ ካልጨመረ ሰብስትሬቱ አልቋል ወይም ኤንኤዲፒኤቹ። የትኛው ዕድሜ ይሻላል ካሉ፣ በሃይፖታላመስ ሥራው ጣሪያ የሚነካው በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ቀናት ነው፣ ከወሊድ በኋላ ይወርዳል። በቀን 10 ቢለኩ ትንሽ ያገኛሉ።

ፊናስቴራይድን በተመለከተ፦ በአይጥ ሁለቱንም የ5-አልፋ ሪዳክቴዝ ዓይነቶች ያግዳል፣ ይህ ጥሩ ነው። በአእምሮ ዋናው ግን ዓይነት 1 ነው፣ እሱም ፕሮጄስቴሮንን ወደ አሎፕሬግናኖሎን የሚወስደውን የመጀመሪያ እርምጃ ይሠራል። አሎፕሬግናኖሎን በጋባ-ኤ ሪሴፕተር ላይ የሚያረጋጋ ነው። ኢንዛይሙን አግደው የጠባይ ለውጥ ቢያዩ የዲኤችቲ ጉድለት ይሁን የአሎፕሬግናኖሎን አያውቁም። ዲኤችቲ መልሰው ሰጥተው ለውጡ ከተስተካከለ ብቻ ነው የሚናገሩት።

የእንስሳት_ቤት

የመለኪያ ነጥቦችህን በተመለከተ፣ ሎርዶሲስ ጥሩ ነው ግን ወራት ይወስዳል። ሲያድጉ ወንዶቹንም ሴቶቹንም የመራቢያ ዕጢያቸውን ታወጣለህ፤ ከዚያ ለሁለት ቀን 10 ማይክሮግራም ኢስትራዲዮል ቤንዞኤት፣ በሦስተኛው ቀን ከፈተናው ከ4 እስከ 6 ሰዓት በፊት 500 ማይክሮግራም ፕሮጄስቴሮን። በጨለማው ክፍለ ጊዜ፣ በቀይ መብራት፣ ልምድ ካለው ወንድ ጋር። 10 ጊዜ ሲሰርራት ስንት ጊዜ ጀርባዋን እንዳጎበጠች በመቶኛ ትጽፋለህ። በመጀመሪያው ፈተና ዝቅተኛ ቁጥር ብታይ አትደናገጥ፣ ድገመው፤ ጤነኛ ሴቶችም በመጀመሪያ ያንገራግራሉ።

ዕጢውን ከማውጣትህ በፊት ግን ያለ ወጪ የሚገኝ ነገር አለ፦ የሴት ብልት ስሚር። ሳላይን፣ ስላይድ፣ ሜቲሊን ብሉ፣ ተራ ማይክሮስኮፕ። በ5ኛው ቀን 1.25 ሚሊግራም ቴስቶስቴሮን ፕሮፒዮኔት የተወጉ ሴቶች መካን እንደሚሆኑ በ1961 ታይቷል፤ ዑደታቸው ይቆማል፣ ስሚሩ ሁልጊዜ ኮርኒፋይድ ሕዋስ ነው። እንቁልጢያቸውን ስታወጣ ፎሊክል ሞልቶ ኮርፐስ ሉቴየም (እንቁላል ከለቀቀ ፎሊክል የሚፈጠረውን) ታጣበታለህ። እንቁላል አለመልቀቋን በዓይንህ የሚያሳይህ ይህ ነው።

ማይክሮሶም

በዚህ እስማማለሁ። ኤስዲኤኑን ግን ለማስተርስ ጊዜ እንደ ዋና ነጥብ አልመርጠውም። በ1978 ከተገለጸ ጀምሮ ታዋቂ ነው፣ በወንዱ በብዙ እጥፍ ይተልቃል፤ ነገር ግን ድንበሩን በኒስል ማስመር የሚያሰምረው ሰው እጅ ላይ ይወድቃል፣ ቡድኑን የማያውቅ ሰው መሆን አለበት። ካልቢንዲን ማቅለም ድንበሩን ያጠራዋል። ልዩነቱ የሚመጣው ደግሞ ሴቶቹ ከ7ኛው እስከ 10ኛው ቀን ባለው ጊዜ ብዙ ሕዋስ ስለሚያጡ ነው፤ ኢስትራዲዮል ሞቱን ይከለክላል። ትንሽ ወደ ፊት ባለው ኤቪፒቪ በተባለው ክፍል ያው ኢስትራዲዮል በወንዱ ሕዋሳትን ይገድላል፣ እንቁላል የሚያስለቅቁት የኪስፔፕቲን ነርቮች የሚበዙት በሴቷ ነው። ስለዚህ «ኢስትራዲዮል ሕዋስ ያድናል» ብለው በጥቅሉ እንዳይጽፉ።

ቶሎ መልስ የሚሰጠው ሌላ ነው። በፕሪኦፕቲክ ክፍል ኢስትራዲዮል ፕሮስታግላንዲን የሚሠራውን ኢንዛይም ኮክስ-2ን ያበዛል፣ ፕሮስታግላንዲን ኢ2 ይጨምራል፣ የዴንድራይት እሾሆች ይበዛሉ፤ በወንዱ ከሴቷ እጥፍ በላይ ናቸው። በቀን 0ና በቀን 1 ወግተው በቀን 2 ፕሪኦፕቲኩን ቆርጠው በእሾሆቹ ውስጥ የሚገኘውን ስፒኖፊሊን የተባለውን ፕሮቲን በዌስተርን ብሎት ይለኩ። ሦስት ወር ሳይጠብቁ በሦስት ቀን የትኛው ቡድን እንደሠራ ያውቃሉ፤ መጠን ማስተካከልም በዚያው ነው። ኮክስን የሚያግደው ኢንዶሜታሲን የተጨመረበት የኢስትራዲዮል ቡድን ካለ መንገዱንም ያሳያል።

ይህ ግን የሚናገረው ስለ መስረር ነው። ፕሮስታግላንዲን ኢ2 ብቻውን የተሰጣቸው ሴቶች ሲያድጉ ይሰርራሉ፣ ሎርዶሲሳቸው ግን አይጠፋም። ስፒኖፊሊን ለክተው ሎርዶሲስ ከፈተኑ ሁለቱ ውጤቶች ሊጣረሱ ይችላሉ፤ ስለዚህ የመስረር ፈተና በፕሮፖዛሉ ይግባ፣ ዕጢያቸው ከወጣ በኋላ ለሁሉም ቡድን እኩል ቴስቶስቴሮን ሰጥተው፣ ከሎርዶሲሱ ፈተና ቢያንስ ሁለት ሳምንት አራርቀው።